ጭስ በእንግዳ ፊት

እስጢፋኖስ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ቀይ ክራባት አስሮ፣ በቀኝ እጁ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አንጠልጥሎ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እህቱ ቤት ገባ። ብርነሽ በሩን ስትከፍትለት መጀመሪያ ያየችው ክራባቱን ነበርና መርዶ ሊያረዳ የመጣ መስሏት ደረቷን ያዘች፤ ቀጥሎ ጀሪካኑን ስታይ ደግሞ በየትኛው እንደምትደነግጥ ግራ ገባት። መርዶ ነጋሪ ዘይት ይዞ አይመጣም። «ማንም አልሞተም እትዬ፤ ጋሼ አለ?» አላት። አለ ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት ቤትም አልነበረም። መካኒሳ ካሉት የቀበሌ ቤቶች ሁሉ ጠባቧ ሳትሆን አትቀርም፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ የተከፈለች ጓዳ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቡፌ፤ ሰው ልጥፋ ቢል እንኳ የሚጠፋበት ጥግ የላትም። ባሏ ጋሽ ከበበው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ነበር። ዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም ከገባች ወዲህ ባልና ሚስቱ አንዷን ለሁለት ይካፈሏታል። ብርነሽ ትልቁን ግማሽ ለእሱ ትሰጣለች፤ እሱም ልዩነቱን ያላየ መስሎ ይበላል።

እስጢፋኖስ እዚችው ቤት፣ እዚያው መጋረጃ ጀርባ አድጎ፣ ከበበው በሚገዛለት ደብተር ተምሮ፣ ዲፕሎማውን ይዞ ከወጣ በኋላ አሁን ከሀና ማርያም ወዲያ ያለው የድንጋይ ካባ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ከበበው ደግሞ የዚያው ካባ ሞተሪስት ነው። ድንጋዩን ፈጭቶ ጠጠር የሚያደርገውን ክሬሸር የሚያዞረው የናፍጣ ጄኔሬተር ከተተከለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን፣ አሥራ ዘጠኙንም ዓመት ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው እሱ ነው። ስለዚህ እስጢፋኖስ ቤት ሲመጣ «ጋሼ» ይለዋል፣ ከበበውም «አንተ» ይለዋል፤ ካባው ግቢ ሲገቡ ግን ከበበው «እርስዎ» ይለዋል፣ እስጢፋኖስም «ከበበው!» ብሎ ይጠራዋል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልተስማማበትም፤ አንድ ቀን እንዲያው ሆኖ ተገኘ። ብርነሽ ነገሩ አልዋጥ ብሏት ነበር፤ ግን ወንድም ነው፣ ባል ነው፣ በማን ትጩህ? ዝም አለች። ዝምታዋም ከቡፌው ጋር የቤቱ ዕቃ ሆነ።

«ፈረንጆቹ ዛሬ ነው የሚመጡት» አለ እስጢፋኖስ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ።

«አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ስትለፍፍ አይደል?»

«እና... እባክህ ጋሼ፣ ዛሬ ታጭስ።»

«ማን?»

«ሞተሯ ናታ!»

ከበበው ዳቦውን ሻዩ ውስጥ ረሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ማለት ነው፣ የዓለም መንግሥታት አንድ የጃፓን ከተማ ተሰብስበው ምድር በጭስ ብዛት እየጋለች ነው ብለው ተመካከሩ። ምድር መጋሏን የሀና ማርያም ሰው ከነሱ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። ከዚያ በኋላ አንድ የፈረንጅ እርዳታ ድርጅት ማዕድንና ድንጋይ ከሚያወጡ ሥራዎች ላይ ናፍጣን ለማስወጣት ተነሣ። ለጽሕፈት ቤቱና ለውኃ መሳቢያው የጸሐይ ሰሌዳ ይተክላል፤ ለክሬሸሩ ደግሞ በውኃ ኃይል ከሚመነጨው መብራት መስመር ያስገባል። ገንዘቡን የሚሰጠው ታዲያ የሚያስቀረውን ጭስ ለክቶ ነው። ብዙ ያጨሰ ብዙ ያገኛል። ከጎናቸው ያለው የነጉርሜሳ ካባ ሞተሩ ሲነሳ ቁራ ሳይቀር እያሳለ መንገድ ይቀይራል፤ በጉርሜሳ ዕድል እስጢፋኖስ እንቅልፍ ካጣ ሳምንቱ ነው። የከበበው ሞተር ግን አታጨስም። አጭሳም አታውቅም። ከበበው ናፍጣውን በብርነሽ አሮጌ ስቶኪንግ አጥልሎ ነው የሚያጠጣት፤ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝሏን በየወሩ ፈትቶ ያጥባል፤ ድምጿ ትንሽ ከተለወጠ ምሳ አይበላም። «እመይቴ» ነው የሚላት። ብርነሽ ደግሞ «ጣውንቴ» ትላታለች፤ «ስቶኪንጌን ለብሳ ባሌን ይዛ የምትውልብኝ» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

«ጤነኛ ሰው ሆስፒታል ሄዶ አልጋ ስጡኝ ቢል ማን ይሰጠዋል?» አለ እስጢፋኖስ። «አንድ ቀን ትታመም። አንድ ቀን ብቻ! ጸሐዩ ሲመጣ ደግሞ አንተን ነው የማሠለጥነው። ናፍጣ ሳትነካ፣ ነጭ ጋውን ለብሰህ፣ ጡረታህ እስኪደርስ...»

«ጸሐይን ምን አድርጌ ነው የማስነሳት?»

«እሷማ በራሷ ትነሳለች።»

«እንግዲያው እኔ ምን ልሠራ ነው?»

እስጢፋኖስ ትንሽ አሰበና «ትወለውላታለህ» አለ።

ከበበው ሚስቱን አያት። ብርነሽ ያልቆሸሸ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ወንድሟ ይህ ፕሮጀክት ከተሳካለት ለሦስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር እንደሚላክ ሰምታለች፤ ለእናታቸው ነፍስ ተዝካር ሳይቀር ከዚያ ሲመለስ እደግሳለሁ ብሎ ቀጥሯታል። ግን ባሏን እባክህ አላለችውም። ከበበውን ያሸነፈው ሌላ ነገር ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ከእስጢፋኖስ አፍ «እባክህ» የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ኳስ ግዛልኝ ሲለው የነበረው ዓይን ዛሬ ከክራባቱ በላይ መጥቶ ተቀምጧል። ሰው ያሳደገውን ልጅ እንዴት አልችልም ይለዋል? ተነሣና ካፖርቱን ደረበ።

በእስጢፋኖስ ፒክአፕ በላፍቶ በኩል ሄዱ። እስጢፋኖስ ሬዲዮ ከፈተ፤ ከበበው ጀሪካኑን እንዳይንሸራተት በሁለት ጉልበቱ መሀል ይዞ ፊት ለፊት አየ። አንድ ጊዜ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ጀሪካኑ ረጨና አንዲት የዘይት ጠብታ እስጢፋኖስ ክራባት ላይ አረፈች። እስጢፋኖስ በመሐረብ ጠረጋት፤ ባሰባት። ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዱ መኪናዋን አቆመ። ሠራተኛው «ዘመዱን በመኪና ያመላልሳል» እንዳይል ከበበው እዚያ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ነው የሚሄደው። በክረምት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስም ደንቡ ያው ነው፤ አድልዎ የሌለበት አስተዳደር ማለት ይህ ነው። ከበበው በየቀኑ አጥሩን ሳይሳለም አያልፍም። ዛሬ ግን ጀሪካኑን ይዞ ከማርያም ፊት መቆም አፈረ። የሚሠራው ነገር ወንጀል መሆን አለመሆኑን አላወቀም፤ ነውር መሆኑን ግን በደንብ ያውቃል። ቀና ሳይል በጎን አለፈ።

ካባው ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው። ለካ ሥራ አስኪያጁ ሚስጥሩን ለእሱ ብቻ ነግሮ ለሠራተኛው «እንግዳ ይመጣል» ብቻ ብሎ ነበር። እንግዳ ይመጣል የተባለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ክሬሸሩን ድንጋይ የሚያጎርሰው በንቲ ስምንት ሰው አስተባብሮ ግቢውን ከሌሊቱ ጀምሮ ሲያስጠርግ አድሯል። አቧራ እንዳይነሣ አንድ ቦቴ ውኃ ተረጭቷል። የድንጋዩ ክምር ዙሪያውን ኖራ ተቀብቷል። የሞተር ቤቱ ወለል ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፤ እመይቴ በጋዝ ታጥባ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ብርማ ቀለም ተቀብቶ፣ ጥር ላይ የምትዳር ሙሽራ መስላለች። ግቢው እስከ ዛሬ ድረስ በእድሜው እንዲህ ጸድቶ አያውቅም፤ የጸዳውም ቆሻሻ መሆኑን ለማስመስከር በተቀጠረለት ቀን ነው። እስጢፋኖስ ከፒክአፑ ወርዶ ቄጠማውን ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ። ግን ምን ይበል? «ለምን ጠረጋችሁ?» ተብሎ ሰው አይቆጣ!

«ኦቦ ከበበው፣ እንዴት ነው? ለእንግዳ አያሳፍርም አይደል?» አለ በንቲ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

«አያሳፍርም» አለ ከበበው። ጀሪካኑን ከጀርባው ደበቅ አደረገ። «እስቲ ሂዱና ልብሳችሁን ቀይሩ፣ እኔ እሷን ላዘጋጅ።»

በሩን ከውስጥ ዘጋ። ናፍጣው የሚቀመጥበት በርሜል በእንጨት ርብራብ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ክዳኑን ከፍቶ ጀሪካኑን አነሣ፤ ስቶኪንጉ አፉ ላይ ተወጥሮ ስላየው እሱንም ፈትቶ ኪሱ ከተተ። የተቃጠለው ዘይት እንደ ሬንጅ እየተጎተተ ሲወርድ ፊቱን አዞረ። ሰው ለሚወደው ፈረስ ጠጠር የተቀላቀለበት ገብስ ሲያበላ እንዲህ ሳያደርግ አይቀርም። የአየር ማስገቢያውንም በጨርቅ ግማሹን ደፈነ፤ ካጠፉ አይቀር ብሎ። ከዚያ ግንባሩን ቀዝቃዛው ብረት ላይ ደገፍ አድርጎ «እመይቴ፣ ይቅር በይኝ፤ የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው» አላት።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ መጡ። አንዱ ሄንሪክ የሚባል ረጅም ፈረንጅ ነው፤ አፍንጫው የአዲስ አበባ ጸሐይ ልጦት ቀልቷል፤ ጸሐይን ለመሸጥ የመጣ ሰው ጸሐይ እንዲህ ስታደርገው ማየት ሠራተኛውን ትንሽ አስገረመ። ሁለተኛዋ ዶርቃ የምትባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ናት፤ ሱሪዋን ቦት ጫማ ውስጥ ከታ፣ የመለኪያውን ሳጥን ራሷ ተሸክማ ወረደች። ሦስት ወንዶች ሊቀበሏት ሮጡ፤ ለማንም አልሰጠችም። መለኪያው የተወሳሰበ ነገር አልነበረም። ከማርሚታው ውስጥ ጭሱን የሚስብ ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ቅዱስ ቁርባን ኅብስት ክብና ንጹሕ የሆነች ነጭ ወረቀት። ጭሱ ወረቀቷን ያልፋል፤ የጠቆረችውን ያህል ይቆጠራል። ዜሮ ነጭ፣ ዘጠኝ ጥቁር።

«አስነሳት ከበበው!» አለ እስጢፋኖስ፤ በግቢው ድምፁ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ከበበው፤ እሱም በግቢው ድምፁ።

እመይቴ ሦስት ጊዜ አስላ፣ አራተኛው ላይ እንደ መርገም ያለ ጥቁር ጭስ ተፋች። ብርማው ቀለም በአንድ አፍታ ጠፋ። በንቲ እንግዶቹን ሊያከብር የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ጥላሸት ዘነበበት። ቄጠማው ጠቆረ። ሄንሪክ ሳለ፣ ዶርቃ ሳለች፤ ሠራተኛው በሀፍረት የሚገባበት ጠፋው። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ከሰል እንኳ ደጅ ወጥቶ ጭሱ ካልጠፋ ቤት በማይገባበት አገር፣ እንግዳ ጠርቶ ዓይኑን በጭስ መውጋት! በንቲ እያለቀሰ፣ የእውነት ይሁን የጭስ አልታወቀም፣ ፈረንጁን በኦሮምኛም በአማርኛም ይቅርታ ጠየቀው። «ሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለችም ጌታው! በማርያም!» እስጢፋኖስ ክርኑን ይዞ ጎተተው። ዶርቃ ወረቀቷን አወጣች። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራለች። «ዘጠኝ» አለች። እስጢፋኖስ ፊቱን ለማሳዘን ሲታገል ደስታው በጆሮው በኩል እየወጣ ነበር፤ ባሕር ማዶው፣ ሥልጠናው፣ ተዝካሩ ሁሉ በዚያች ጥቁር ወረቀት ላይ ተጽፎ ታየው።

ሄንሪክ ግን ወረቀቷን ብዙም አላያትም። እጅጌውን ሰብስቦ ሞተሯን መዞር ጀመረ። ዳበሳት። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣት። አስጠፋትና ብሎኖቿን አየ፤ ቀበቶዋን ጫን አድርጎ ለካ፤ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዝዞ አሸተተ። ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ለዶርቃ ብዙ ነገር ተናገረ። ዶርቃ ዓይኗን ከከበበው ላይ አንሥታ ወደ ካባው ገደል እያየች ተረጎመች። «ሞተሩ ምንም አልሆነም ይላሉ። ለዕድሜው እንዲያውም የሚገርም ነው። ጭሱ የመጣው... ከአያያዝ ነው ይላሉ። ናፍጣ ማጥለል የማያውቅ፣ አየር ማስገቢያ የማያጸዳ ሰው ይዞት ነው። የጸሐይ ሰሌዳና መስመር ብዙ ወጪ ነው፤ ከዚያ በፊት ሞተሪስቱን በሠለጠነ ሰው ብንተካ የጭሱን ሦስት አራተኛ በነጻ እናስቀራለን። ለሪፖርታቸው የመጀመሪያው ምክር ይኸው ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ አባቴ፣ እኔ የተባለውን መተርጎሜ ብቻ ነው» አለችው።

 ከበበው እስጢፋኖስን አየው። እስጢፋኖስ ጫማውን አየ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው፤ «የለም፣ ይህ ሰው እንዲህ አይደለም» የምትል፤ ግን እስጢፋኖስ ጫማው ላይ ምን እንዳገኘ እንጃ፣ ቀና ማለት አቃተው። ከበበው ንዴት አይደለም የተሰማው። ልቡ ነው የተሰበረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይቀር፣ የሠርጉ ማግሥት ሳይቀር የጠበቃት ሞተር አጠገብ አቁመው «አያውቅም» አሉት። ያሉትም ሞተር በማያውቁ ሰዎች ፊት ቢሆን ይቻል ነበር፤ እነ በንቲ ቆመው እየሰሙ ነው።

«ሻያችሁን እስክትጠጡ ስጡኝ» አለ።

«ምን?» አለች ዶርቃ።

«አንድ ሰዓት። ሻይ ጠጡና ተመለሱ።»

«ከበበው!» አለ እስጢፋኖስ፤ ድምፁ ግን የግቢው አልነበረም።

«እርስዎም ይጠጡ ጌታዬ» አለው ከበበው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የሠራውን በንቲ እስከ ዛሬ ያወራዋል። በርሜሉን ገልብጦ አፈሰሰ፤ በንጹሕ ናፍጣ ሁለት ጊዜ አጠበው። ከኪሱ ስቶኪንጉን አውጥቶ በበርሜሉ አፍ ወጠረ። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ኖዝሎቹን ፈትቶ በጋዝ አጠበ፣ ከቧንቧው አየሩን አስወጣ፤ ጨርቁን ከአየር ማስገቢያው መንጥቆ ወረወረው። አጠገቡ የቆሙት ቁልፍ ሲያቀብሉት ስሙን እስኪጠራ አልጠበቁም፤ እጁን ሲዘረጋ ያውቃሉ። እንግዶቹ ሲመለሱ በላብ ተነክሮ፣ ክንዱ ድረስ ጠቁሮ ቆሞ ነበር። አስነሳት። መጀመሪያ ውስጧ የቀረውን ቆሻሻ አንድ ሁለቴ ተፋችው፤ ከዚያ ድምጿ ቀጥ አለ፤ ማርሚታዋ ላይ የሚታየው የሙቀት ንዝረት ብቻ ሆነ። ዶርቃ አዲስ ወረቀት አስገብታ አወጣች። ጣቷን አሳረፈችባት፣ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። «አንድ። አንድም አትሞላ» አለችና ሳታስበው ሳቀች። በንቲ እልል አለ፤ ወንድ እልል ሲል መጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሄንሪክ አልሳቀም። ጥቁሯንና ነጯን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ፣ ይህን ያደረገው ማነው ሲል ጠየቀ። ድርጅቱ ከሚያታልል ጋር አይሠራም፤ ካባውም ከእርዳታው ዝርዝር ይሰረዛል አለ። ዶርቃ ስትተረጉም ዓይኗ እስጢፋኖስ ክራባት ላይ ያለችው የዘይት ነጠብጣብ ላይ አረፈ፤ ቆየ። እስጢፋኖስ ክራባቱን በእጁ ሸፈነ።

«እኔ ነኝ» አለ ከበበው።

«ለምን?» አስተረጎመ ፈረንጁ።

«ጸሐዩን ፈልጌ። ናፍጣ ማሽተት ሰለቸኝ።» እንዲህ ያለ ውሸት ከአፉ ሲወጣ እመይቴ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ዶርቃ እስጢፋኖስን ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ቃል በቃል ተረጎመች፤ ከራሷ የጨመረችው የለም። ሄንሪክ ሁለቱን ወረቀቶች ኪሱ ከተተ። ያደረገው ሠራተኛው ከሆነና ከተሰናበተ፣ የስንብት ደብዳቤውም ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሯቸው ከደረሰ፣ ካባው ከዝርዝሩ አይወጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይታያል አለ። ለዘንድሮው ግን ከጎን ያለውን ካባ እንለካለን ብለው ወደ ጉርሜሳ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ወዲያ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ሲወጣና ሰው ሲያጨበጭብ ተሰማ።

እስጢፋኖስ ደብዳቤውን ቢሮው ውስጥ መጻፍ አልቻለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ባዶ ወረቀትና የካባውን ማኅተም በፌስታል ይዞ መካኒሳ መጣ። ብርነሽ አስገባችው፤ ሽሮ አቀረበች፤ አልበላም። ከበበው የሆነውን ሁሉ ቀድሞ ነግሯት ነበር። ቡፌው ላይ ደገፍ ብሎ ጻፈ፤ ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «...ሠራተኛው ባለማወቅ የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር በመቀላቀሉ ምክንያት ከሥራ ተሰናብቷል።»

«እስቲ እንደገና አንብበው» አለ ከበበው።

አነበበው።

«ባለማወቅ?»

«ጋሼ፣ ላንተ ብዬ ነው! ሕጉን ጠይቄያለሁ። ባለማወቅ ከሆነ የሦስት ወር ደሞዝህን ይዘህ ትወጣለህ። እያወቅህ ነው ካልኩ አምስት ሳንቲም አይሰጡህም። ለፈረንጁ እንደሆነ የሚፈልገው መሰናበትህን ብቻ ነው።»

«ሰርዘው።»

«ጋሼ...»

«ስማ፣ እስጢፎ። ነገ ጋርመንት ሄጄ፣ ቃሊቲ ሄጄ ሞተሪስት ነኝ ስል ወረቀቱን አምጣ ይሉኛል። አጭበርብሮ ወጣ የሚለውን ያነበበ ሰው ይስቃል፤ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ይደብቅብኛል፤ ሞተሩን ግን ይሰጠኛል። የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ አይለይም የሚለውን ያነበበ ሰው ግን የእጅ ባትሪ እንኳ አያስነካኝም። ውሸታም በሉኝ። ሌባም በሉኝ። አያውቅም አትበሉኝ!»

እስጢፋኖስ ወደ እህቱ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «እትዬ፣ አንቺ ንገሪው። ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ብር እኮ ነው! በአንድ ጊዜ!»

ብርነሽ ያን ያህል ብር በአንድ ጊዜ ይዛ አታውቅም። የቤት ኪራዩን፣ ጤፉን፣ የጣሪያውን ቀዳዳ አሰበች፤ ፊቷ ላይ ሲያልፉ ሁለቱም አዩዋቸው። ከዚያ እጇን በመቀነቷ ጫፍ አድርቃ አልጋው ላይ ከባሏ ጎን ተቀመጠች።

«እያወቀ ብለህ ጻፍ» አለችው ወንድሟን። «እኔ ያገባሁት የሚያውቅ ሰው ነው።»

እስጢፋኖስ ወረቀቱን ቀዶ አዲስ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የጻፈው፤ «እያወቀ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ፤ ከዚያ ቀና ሳይል ጻፋትና ማኅተሙን መታበት።